ለግዙፍ ሰው የሚሆን ክሩዘር ሞተር ሳይክል

ጥያቄ፦ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ92፣ ክብደቴ 128 ኪሎ ነው። ባለቤቴንም ከኋላ ይዤ መንዳት እፈልጋለሁ። ሆንዳ ሬብል 500 የሚባለው ክሩዘር (ዝቅ ያለ ኮርቻ ያለው፣ ተዝናንተው የሚነዱት ሞተር ሳይክል) ይሆነኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱን ተወው። ኮርቻው ከመሬት 69 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እግር ማሳረፊያውም ቅርብ ስለሆነ ጉልበትህ ወደ ላይ ይታጠፋል። እኔም ባንተ ቁመት ነኝ። የመጀመሪያ ሞተሬ እንዲሁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሻጩ «ትለምደዋለህ» አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቤን አመመኝ እንጂ አልለመድኩትም።

ከዋጋው በፊት የጭነት ልኩን እይ። አሜሪካ የሚሸጥ ሞተር ሁሉ መሪው አጠገብ ምልክት ተለጥፎበታል፤ ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት እዚያ ተጽፏል። ከዚህ ላይ ነዳጅ የሞላውን ሞተር ክብደት ቀንስ። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ሄልሜቶቹና ሻንጣው በቀረው ውስጥ መግባት አለባችሁ።

ብቻህን ብትሆን ካዋሳኪ ቫልካን ኤስን እመክርህ ነበር፤ እግር ማሳረፊያው ሦስት ቦታ ይስተካከላል። ለሁለት ግን ያገለገለ ቫልካን 900 ክላሲክ ፈልግ፤ የሞተሩ ይዘት 903 ሲሲ ነው፣ እግርህንም ሰፊ ሳንቃ ላይ ታሳርፋለህ። 280 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ግን ቀስ ብለህ መዞርን ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመድ።

ሞተሩን ልታይ ስትሄድ ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ሁለታችሁም ተቀመጡበትና መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙር። ጉልበትህን ከነካ አትግዛው።