ሳልነግራት ላክማት?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረምሽ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ከወር በፊት መንገድ ላይ ከሌላ ሴት ጋር ተሳሳትኩ። በአራተኛው ቀን ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር፤ ቢጫ መግል የመሰለ ፈሳሽም መጣ። ጓደኞቼ «ፀሐይ ላይ ሸንተህ ነው» አሉኝ። ቴትራሳይክሊን ገዝቼ ስውጥ ቀነሰልኝ። ቤት ከገባሁ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ተገናኝተናል። የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ምንም ምልክት የላትም። የተረፈውን ኪኒን ሳልነግራት ልስጣት?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ኪኒኑን ግን በፍጹም እንዳትሰጣት። ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የጽንሱን ጥርስና አጥንት ይጎዳል።

ምልክቱ የጨብጥ ይመስላል። ጨብጥ ከፀሐይ አይመጣም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው። ፈሳሹ ስለቀነሰ ድነሃል ማለት አይደለም፤ ጨብጥ ቴትራሳይክሊንን ከተላመደ ቆይቷል። አሁን የሚታከመው በመርፌ ነው። ክላሚዲያ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታም ብዙ ጊዜ አብሮት ስለሚገኝ ለእሱ የሚሆን ኪኒን ይጨመርበታል።

ምልክት የላትም ብለህ አትዘናጋ። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀመጠው። በባቲ መንገድ ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት የ4 ቀን ልጇን ታቅፋ መጣች። ቤት ነው የወለደችው፤ ሲወለድ ዓይኑ ላይ የሚቀባው ቅባት አልደረሰውም። የሕፃኑ ዓይኖች አብጠው በመግል ተጣብቀዋል። በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች፣ መልሶ ይሞላል። «ብርድ መትቶት ነው» ትለኛለች። በወሊድ ጊዜ ከእሷ የተላለፈ ጨብጥ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኑ ተረፈ። ጨብጥ ሕፃን ያሳውራል፤ ያን ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በእርግዝና ክትትል ኤችአይቪና ቂጥኝ ይመረመራሉ። ጨብጥን ግን ካልተናገራችሁ ማንም ላይጠረጥር ይችላል። ስለዚህ ንገራት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አይሁን፤ ማታ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። «አጥፍቻለሁ፤ በሽታ ይዤብሽ ገብቼ ይሆናል፤ ለልጃችን ስንል አብረን እንታከም» በላት። ልታለቅስ፣ ልትቆጣም ትችላለች። መብቷ ነው፤ ዝም ብለህ ስማት። ከከበደህ ቀድመህ ጤና ጣቢያ ሂድና እንዲያግዙህ ጠይቅ። ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒት አላቸው።

ሁለታችሁም ታክማችሁ 7 ቀን እስኪሞላ ግንኙነት ይቅር። አንዳችሁ ብቻ ብትታከሙ መልሶ ይይዛችኋል። ኤችአይቪም ተመርመር፤ ስህተቱ ከተፈጸመ 3 ወር ሲሞላው ድገመው፤ እስከዚያ ኮንዶም ተጠቀም።

ስትሄዱ የክትትል ካርዷን ያዙ። የተረፈውንም ኪኒን ይዘህ ሂድ፤ ምን እንደወሰድክ ይዩት።