ቻርጅ፦ ባትሪ፣ ሂሳብ ወይስ ክስ?

«ቻርጅ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጡልኝ ጥያቄዎች ስለበዙ ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው። አብዛኞቹ የተላኩት ከመሀል አዲስ አበባ ነው፤ ከሆቴል፣ ከፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከኤምባሲ።

ስታዲየም አካባቢ የሆቴል አስተናጋጅ ነኝ። አንድ የውጭ እንግዳ እራቱን ሲጨርስ «ቻርጅ ኢት ቱ ማይ ሩም» አለኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ስለነበር ሮጬ ቻርጀር አመጣሁለት። ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። ምን ፈልጎ ነው?

ሂሳቡን ክፍሌ ላይ መዝግበው ማለቱ ነው። ሲወጣ ከአልጋው ጋር አንድ ላይ ይከፍላል። አይፈረድብህም፤ ቃሉን ያወቅነው ከስልክ ጋር ነው።

ለሌላ ጊዜ ከቃሉ ኋላ የምትከተለዋን ትንሽ ቃል አድምጥ። «ቱ» ካለች ሂሳቡ የሚጻፍበትን እየነገረህ ነው፦ ክፍል፣ ካርድ ወይም መሥሪያ ቤት። «ፎር» ካለች የሚከፈልበትን ነገር ነው። «ዱ ዩ ቻርጅ ፎር ዋይፋይ?» ካለህ ዋይፋይ ታስከፍላላችሁ ወይ ማለቱ ነው። «ዊዝ» ከመጣች ግን ነገሩ ፖሊስ ጋ ደርሷል።

በዚያው እንግዳው ስለ «ሰርቪስ ቻርጅ» ቢጠይቅህ ቁጥሩን ያዝ። የተለመደው 10 በመቶ ነው፤ በላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ቫቱ የሚሰላው ከሰርቪስ ቻርጁም ጭምር ስለሆነ ሜኑ ላይ 100 ብር የተባለው ምግብ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ያርፋል። 125 ነው ብሎ የሚከራከር እንግዳ አይጠፋም።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አንዳንዴም እተረጉማለሁ። «ክስ» ባየሁ ቁጥር «ቻርጅ» እላለሁ። ልክ ነኝ?

ግማሹን ልክ ነህ። በአማርኛ ጎረቤቱን በአጥር የከሰሰም፣ ዐቃቤ ሕግ በስርቆት የከሰሰም ያው «ክስ» ነው። እንግሊዝኛው እዚህ ጋ ይለያል። ፍርድ ቤት ውስጥ «ቻርጅ» የወንጀል ብቻ ነው። የአጥሩ፣ የብድሩና የኪራዩ ጉዳይ «ሱት» ወይም «ክሌይም» ይባላል። ያከራየህን ሰው «አይ ቻርጅድ ሂም» ብለህ ብትጽፍ አንባቢው ገንዘብ የተቀበልከው ይመስለዋል!

«አኪዩዝ»ም ሌላ ነው። እሱ ማንም ማንንም የሚለው ነው፤ ሚስት ባሏን ቡና ቤት አመሸህ ብላ «አኪዩዝ» ታደርገዋለች። «ቻርጅ» ግን የመክሰስ ሥልጣን ያለው አካል የሚያደርገው ነው። ከተጠራጠርክ ነጋሪት ጋዜጣን ግለጥ። አዋጆቹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለታተሙ ከዚያ የተሻለ ነጻ መዝገበ ቃላት አላውቅም።

ስልክም ይሞላል፣ ሰውም ይከሰሳል፣ ሂሳብም ይጠየቃል። እንዴት አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይሸከማል? (ከአራት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልሱን ራስሽ ጠቅሰሽዋል፦ መሸከም። የቃሉ ሥር በላቲን ሠረገላ ማለት ነው። ከእሱ «መጫን» የሚል ግስ ወጣ፣ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። «ካር» እና «ካርጎ»ም ዘመዶቹ ናቸው። መጀመሪያ ዕቃ ተጫነ፤ ቀጥሎ ሰው ላይ ኃላፊነት፣ ዕዳና ወንጀል ተጫነ። ጠመንጃም ባሩድ ተጫነበት፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኤሌክትሪክን የሚመራመሩ ሰዎች ያንኑ ቃል ለራሳቸው ወሰዱት።

እኛስ ምን እናደርጋለን? በቅሎ እንጭናለን። ግብር ይጫንብናል። ኃላፊነት ይጫንብናል። አሁን ደግሞ ስልካችን ላይ አፕ እንጭናለን። ይህን የሚሰማ ፈረንጅ «በቅሎና አፕ ምን አገናኛቸው?» ቢል እኮ እውነት አለው። ጠመንጃው ላይ ግን እንለያለን፤ እነሱ ይጭኑታል፣ እኛ እናጎርሰዋለን። የእኛው ይበልጥብኛል።

ማንቸስተር ሲቲ «ቻርጅ» ተደረገ ሲባል አንድ ጓደኛዬ ተቀጣ አለ፣ ሌላው ከፈለ አለ። በማኪያቶ ተወራርደናል።

ሁለቱም ማኪያቶ ይጋብዙህ። ፕሪሚየር ሊጉ የካቲት ወር 2023 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ደንብ ጥሰሃል በሚል ከ100 በላይ ክስ አቀረበበት፤ ክለቡም አልጣስኩም አለ። «ቻርጅድ» ማለት ተከሰሰ ነው፣ አለቀ። የተቀጣ «ፋይንድ» ወይም «ፐኒሽድ» ይባላል፤ ጥፋተኛ የተባለ ደግሞ በፍርድ ቤት «ኮንቪክትድ» ነው። አንዳንድ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ሦስቱንም «ተቀጣ» ብለው ያልፉታል። የአንድ ቃል ስንፍና ሰው ላይ ፍርድ ያስቀድማል።

«ኢን ቻርጅ ኦቭ» እና «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ያው ናቸው?

አይደሉም፤ ተቃራኒ ናቸው። ሞግዚቷ «ኢን ቻርጅ ኦቭ» ልጁ ናት፤ ኃላፊዋ እሷ ነች። ልጁ ደግሞ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ሞግዚቷ ነው፤ በእሷ እጅ ነው ያለው። «ዘ» ከተጨመረች ልጁ ሞግዚቷን ይጠብቃል ማለት አትችልም።

ከአንድ ኤምባሲ የመጣ የግብዣ ወረቀት ላይ ፈራሚው «ቻርጅ ዳፌርስ» ይላል። አለቃዬ «የክስ ጉዳዮች ኃላፊ» ብለህ ተርጉም አሉኝ።

ወረቀቱ ሳይላክ አስቁመው! ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ንባቡም «ሻርዤ ዳፌር» ይጠጋል። ጉዳይ የተሰጠው፣ ጉዳይ የተሸከመ ማለት ነው። አምባሳደሩ ከአገር ሲወጣ ወይም ገና ካልተሾመ ኤምባሲውን በጊዜያዊነት የሚመራው ዲፕሎማት ነው፤ የ1961ዱ የቪየና ስምምነትም ደንግጎታል። የአማርኛ ስሙ የታወቀ ነው፦ ጉዳይ ፈጻሚ። «ጉዳይ አስፈጻሚ» ብለህ ሁለት ፊደል እንዳትጨምርበት ብቻ፤ እሱ መንጃ ፈቃድ በር ላይ ፋይል ይዞ የሚጠብቅህ ሰውዬ ነው።

የእናቴ የሆስፒታል ወረቀት አንድ ገጽ ላይ «ዲስቻርጅ» ሁለት ቦታ ተጽፏል። አንዱ መውጫዋ ነው፤ ሌላው ምንድን ነው?

ከቁስሉ ጋር የተጻፈው ፈሳሽ ማለት ነው፤ ለምሳሌ መግል። ከቀን ጋር የተጻፈው ግን እንዳልከው መውጫዋ ነው። «ኖ ዲስቻርጅ» ካለ ደግሞ አትደንግጥ፤ ቁስሉ ፈሳሽ የለውም ለማለት እንጂ አትወጣም ለማለት አይደለም። እግዜር ይማራት።