«ካሸሯ ለምን ጮኸችብኝ?» ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩትና እንቅልፍ ነሳኝ። ጀርመን ከገባሽ ሦስት ሳምንትሽ ነው፣ ሱፐርማርኬት ገብተሽ ያነሣሽውን ዕቃ ሁሉ በጀርባ ቦርሳሽ ከተትሽ፣ ካሳ (መክፈያው) ጋ ስትደርሺ እያወጣሽ መደርደር ስትጀምሪ ካሸሯ ጮኸችብሽ፣ ቦርሳሽን አስከፈተችሽ፣ ከኋላሽ የቆመው ሽማግሌም አጉተመተመ። «ምን አጠፋሁ?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ግማሾቹ «ዘረኛ ናት፣ እርሺው» ብለውሻል፣ ግማሾቹ «ይለመዳል»። ዘረኛ የለም አልልሽም፣ ሞልቷል። ያንቺ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እኔ በዚሁ ጉዳይ ስለተቃጠልኩ በደንብ አውቀዋለሁ።

የጋሪውን ሳንቲምና እሁድ ሱቅ ዝግ መሆኑን ሌሎቹ ነግረውሻል፣ አልደግመውም። የኔን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1ኛ፦ ፍጥነቱ። አልዲ ወይም ሊድል የሚባሉት ርካሽ ሱፐርማርኬቶች ከሆነ የገባሽው፣ ካሸሯ ዕቃውን እንደዚያ የምታንደረድረው ተናዳብሽ አይደለም። ከእሷ ማዶ ያለችው ቦታ ራሷ ጠባብ ናት፤ እዚያ ቆመሽ እየለየሽ በፌስታል እንድታስሪ አይፈልጉም። ዕቃው እንደመጣ መልሰሽ ጋሪው ውስጥ ትጥያለሽ፣ ትከፍያለሽ፣ ከዚያ ወደ መውጫው በኩል መደርደሪያ አለ፣ እዚያ ተረጋግተሽ ታስገቢያለሽ። ዘዴው ያለው ዕቃውን ወደ ካሸሯ የሚወስደው ጎማ ላይ ስትደረድሪ ነው። ወተት፣ ውሃና ድንች ይቅደሙ፤ እንቁላል፣ ቲማቲምና ዳቦ መጨረሻ ይምጡ። እኔ በመጀመሪያ ሰሞን እንቁላል አስቀድሜ ድንች ሲወርድበት በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ግን እጄ ቀድሞ ተዘርግቶ ነው ካሸሯን የሚጠብቃት። ባሌ «ውድድር ነው እንዴ?» ይለኛል። አዎ፣ ነው።

2ኛ፦ ጎማው ላይ ያንዱን ሰው ዕቃ ከሌላው የምትለየው ያቺ መለያ ዘንግ። ደርድረሽ ስትጨርሺ ከዕቃሽ ጀርባ አስቀምጫት፣ ከኋላሽ ላለው ሰው ነው። ካላስቀመጥሽ ምንም አይሉሽም፣ ይተነፍሳሉ። የጀርመን ሽማግሌ ትንፋሽ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ካስቀመጥሽለት «ዳንከ» (አመሰግናለሁ) ይልሻል። እኔን እዚህ አገር በገዛ ፈቃዱ መጀመሪያ ያናገረኝ ሰው በዚህች ዘንግ ምክንያት ነው፤ ጎረቤቶቼ ገና ሰላም ሳይሉኝ።

3ኛ፦ ቦርሳው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺው ግድ የለኝም፣ ይቺን ግን ያዢ።

እኛ አገር ገበያ ስንወጣ ከሽንኩርቷ ገዝተን፣ ከፍለን፣ ዘንቢል ውስጥ። ከቲማቲሟ ገዝተን፣ አስመርቀን፣ ዘንቢል ውስጥ። ዘንቢላችን ውስጥ ያለው ሁሉ የተከፈለበት ነው፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እዚህ ግን ካሳ ሳይደርስ የራስሽ ቦርሳ ውስጥ የገባ ዕቃ ለእነሱ የተደበቀ ዕቃ ነው። የሱቁን ጋሪ ወይም ቅርጫት ትይዣለሽ፣ ያንቺ ቦርሳ ታጥፎ ወይም ተዘግቶ ይቀመጣል፣ ካሳን ካለፍሽ በኋላ ይከፈታል። በቃ።

ይሄን ማን ነገረኝ? ማንም። ልጄ ያኔ 7 ወሩ ነበር። የልጅ ጋሪና የሱፐርማርኬት ጋሪ ባንድ ላይ አይገፋም፣ ይሄን መቼም አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጅ እንዳለሽ አልጻፍሽም፤ ግን በጀርባ ቦርሳ የምትገዢው እጅሽ ስለተያዘ መሆን አለበት። እኔም ያነሣሁትን ሁሉ ከልጁ ጋሪ ሥር ባለው መረብ ውስጥ ከተትኩ። ምስር፣ ሽንኩርት፣ ፓምፐርስ፣ ለማንጠር ደግሞ አራት ቅቤ፣ እያንዳንዱ 250 ግራም። ካሳ ጋ ጎንበስ ብዬ አወጣሁ፣ ከፈልኩ። ለበሩ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ አንድ ሰውዬ ከፊቴ ቆመ። ቅርጫት አንጠልጥሎ እርጎ ሲመርጥ ከጎኔ የነበረ ሰው ነው፤ እንዲያውም አሳልፌዋለሁ። ካርድ አሳየኝና ከኔ ጋር ነይ አለኝ። ለካ የሱቁ ጠባቂ ነው፣ እንደ ገዢ ለብሶ የሚዞር።

ካርቶን የተከመረበት፣ የመወልወያ ባልዲ የቆመበት ክፍል አስገባኝ። መረቡ ውስጥ የወረደውን የልጄን ብርድ ልብስ ጫፍ ገለጠ። አንድ ቅቤ። ሦስቱን ከፍያለሁ! ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፣ ሦስት ቅቤ ተጽፎበታል። ሦስቱን ከፍሎ አራተኛውን የሚሰርቅ ሰው የት አለ? ይሄን ነበር መናገር የፈለግኩት፤ ከአፌ የወጣው ግን «ኢሽ ፌርጌሰን፣ ኢሽ ፌርጌሰን» (ረስቼ ነው) ብቻ። ኃላፊዋ መጥታ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ልጁ ያለቅሳል። ወተት ላሙቅለት ብዬ በምልክት ጠየቅኩ፣ ጊዜ የለንም አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ገፋችልኝ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ። ፈረምኩ። ልጄን ይዤ ልውጣ እንጂ የልደት ሰርተፊኬቴን አምጪ ቢሉኝም እሰጥ ነበር።

የፈረምኩት ሦስት ነገር ነው፦ ሰርቄያለሁ፣ 100 ዩሮ እከፍላለሁ፣ ለአንድ ዓመት እዚህ ሱቅ አልደርስም። በእግር የሚደረስበት ሱቅ እሱ ብቻ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ድንች በትራም ተሸከምኩ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ፣ «በሹልዲግተ» ይለኛል፤ ተጠርጣሪ ማለት ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን በቅቤ ሊሄድ ነው ብዬ ለባሌ እንኳ ለአራት ቀን አልነገርኩትም።

ነፍሴ የተመለሰችው ሚግራሲዮንስበራቱንግ የሚሉት ነፃ የምክር ቢሮ ስሄድ ነው። ሴትዮዋ ደረሰኙን አየችና «ለምን ፈረምሽ?» አለችኝ። መርሳት ስርቆት አይደለም፣ ሕጉ የመውሰድ ሐሳብ ነበራት ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጠባቂው ፖሊስ እስኪመጣ ሊያቆይሽ ይችላል፣ ቦርሳሽን በግድ ከፍቶ መበርበር ግን አይችልም። የማታነቢውን ወረቀት የመፈረም ግዴታ የለብሽም። ፖሊስ ጋ ደግሞ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው። ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ የደረሰኙን ኮፒ አያያዝን፣ ከሁለት ወር በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ጉዳዩን ዘጋው። 100 ዩሮዬ ግን አልተመለሰም። ይቅርታም የለም። እስካሁን እዚያ በር ጋ ሳልፍ ያንገበግበኛል፤ ክልከላው ካበቃ ስንት ዓመቱ፣ ዛሬም አልገባበትም።

4ኛ ምን ልል ነበር? አዎ፣ ደረሰኝ። ካሸሯ «ቦን?» (ደረሰኝ ትፈልጊያለሽ?) ስትልሽ ሁልጊዜ «ያ፣ ቢተ» (አዎ፣ እባክሽ) በያት። ከ2020 ጀምሮ ደረሰኝ መስጠት ግዴታቸው ነው፣ አንቺም ቤት እስክትገቢ አትጣይው። ከአንዱ ሱቅ ገዝተሽ ሌላው ስትገቢ የሚያድንሽ እሱ ብቻ ነው። ራስሽ ስካን አድርገሽ የምትከፍይበት ካሳ ከሆነም፣ አንዳንዱ ጋ የመውጫው በር የሚከፈተው በደረሰኙ ነው።

ካሸሯ ቦርሳሽን አሳዪኝ ካለችሽ ደግሞ አትሟገቺ፣ ራስሽ ከፍተሽ አሳያት፤ እሷ እንድትከፍተው ግን አትስጫት። ጋሪው ሥር ያለውን የውሃ ካርቶን አንሺ ብላ ጀርመኖቹንም ታዛቸዋለች፣ አይቻለሁ። ምንም ሳትገዢ መውጣት ካማረሽ እጅሽን እያሳየሽ «ኢሽ ሃበ ኒሽትስ» (ምንም አልያዝኩም) ብለሽ በወረፋው በኩል እለፊ፣ አያሳፍርም። የቱርክ ሱቅ ብትሄጂ ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ እኔ ጋ ያለው ባለሱቅ በርከት አድርጌ ስገዛ ፓርስሊ ይመርቅልኛል። ፓምፐርስ ግን እሱ ጋ ውድ ነው።

ፋንድ (ባዶ ጠርሙስ ስትመልሺ የሚመለስልሽ ገንዘብ) ላይ ብዙ አልልም፦ 25 ሳንቲም የሚመለስበትን ፕላስቲክ ጠርሙስ አትጨፍልቂው፣ መቀበያ ማሽኑ ይተፋዋል። ማሽኑ የሚሰጥሽን ቦንም እዚያው ሱቅ ተጠቀሚበት።

እና ያ የልጅ ጋሪ አሁንም ኬለር (ምድር ቤት) ውስጥ አለ፣ ልጄ 6 ዓመት ሞልቶታል። ዳርምሽታት አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በነፃ ትወስጂዋለሽ፤ ጎማው ደህና ነው፣ የዝናብ ልብስም አለው። መረቡን ግን ያኔውኑ በመቀስ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።