«ወፍጮ እገዛለሁ» ብዬ ሦስት ዓመት ጻፍሁ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ የባልትና መሸጫ ያለኝ የ38 ዓመት እናት ነኝ። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ደብተር ገዝቼ የመጪውን ዓመት እቅዴን እጽፋለሁ። ዘንድሮ የቀደሙትን ደብተሮች ገልጬ ሳይ፣ በሦስቱም የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ወፍጮ እገዛለሁ» የሚል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አገኘሁና በራሴ አፈርሁ። ዛሬም በርበሬዬን ተሸክሜ ሰው ወፍጮ ቤት ወረፋ እጠብቃለሁ። ጓደኛዬ «በጎ በጎውን አስቢ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ወፍጮው ሱቅሽ ውስጥ ሲፈጭ ተመልከቺው» ትለኛለች። ሞክሬዋለሁ፤ ለጊዜው ደስ ይለኛል። መስከረም የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ ይዞ ሲመጣ ግን ደብተሩም ይረሳል። ተስፋ ማድረግ ትርፉ ድካም ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያፈሩበት ዓረፍተ ነገር ለእኛ የሚያሳፍር ሆኖ አልታየንም፤ ሦስት ዓመት ያልተለወጠ ፍላጎት ከልብ የመነጨ ነው። የጓደኛዎን ምክር ግን፣ ቅንነቱን ሳንጠራጠር፣ አንደግፈውም። ምኞትና ተስፋ ብለን የምንለያቸውን ሁለት ነገሮች ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ገብሪኤለ ኦቲንገን በጥናት ለይተዋቸዋል። ከቶማስ ዋደን ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ክብደት ለመቀነስ ሕክምና የጀመሩ 25 ሴቶችን ተከታትለው ነበር፤ ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት የተሻለ ሲቀንሱ፣ ቀጥነው የሚታዩበትን ቀን በምናባቸው እጅግ አሳምረው የሳሉት ግን ያነሰ ቀንሰው ተገኙ። ምናብ ያልተሠራውን እንደተሠራ አድርጎ ስለሚያቀምሰን ለሥራው የሚያስፈልገውን ጉልበት ያላላዋል። ስለዚህ ኦቲንገን የሚመክሩት፣ የሚፈልጉትን ከሳሉ በኋላ ወዲያው በመንገዱ ላይ የቆመውን እንቅፋት በስሙ እንዲጠሩት ነው።

የእርስዎን እንቅፋት ደብዳቤዎ ራሱ ጠርቶታል፦ መስከረም። እቅድዎን የሚጀምሩት ለዩኒፎርም፣ ለመመዝገቢያ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ወጪ ኪስዎ በሚራቆትበት ወር ነው። (ይህን ስንጽፍ እኛም የራሳችንን የመስከረም እቅዶች አስታውሰን ፈገግ ብለናል።) የባልትና ገበያ የሚደራው ደግሞ ለጥር ሠርግና ለፋሲካ ሲዘጋጁ ነው። እንግዲያው የወፍጮው ዓመት መስከረም 1 ቀን መጀመሩ ቀርቶ ታኅሣሥ ላይ ቢጀምርስ? ገንዘቡ በእጅዎ በሚገባበት ወቅት በሰፈርዎ አዲስ ዕቁብ ሲመሠረት ቢገቡ፣ ወረትዎን ሳይነኩ በየሳምንቱ ከሽያጭዎ ላይ የሚቀንሱትን ያህል ይጥላሉ። ዕቁብተኛ ዕጣው መቼ እንደሚወጣለት አያውቅም፤ ዳኛውና ጸሐፊው ታማኝ እስከሆኑ ድረስ ግን እንደሚደርሰው ያውቃል፤ እስኪደርሰውም መጣሉን አያቋርጥም። እኛ ተስፋ የምንለው ይህን ነው፤ ጓደኛዎ የሚነግሩዎት ዓይን መጨፈን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር እናስቀድም፦ ተስፋ መቁረጡ ከእቅዱ አልፎ እንቅልፍዎንና የምግብ ፍላጎትዎን ከሁለት ሳምንት በላይ ከነሳዎት፣ ደብተሩን ትተው ሐኪም ያማክሩ።

ያ ካልሆነ፣ «ወፍጮ እገዛለሁ» ከሚለው ሥር የመሣሪያውን ዋጋ፣ ዕቁቡ የሚጀምርበትን ሳምንትና፣ ልጅ ቢታመም ወይም በርበሬ ቢወደድ ከየት እንደሚሸፍኑ ይጻፉ። ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚጣራም ነገር አለ፤ ብዙዎቹ የወፍጮ መሣሪያዎች ባለ ሦስት ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚፈልጉ፣ ሱቅዎ ይህ መስመር እንዳለው ይወቁ፤ ሱቁ የኪራይ ከሆነ ደግሞ አከራይዎ የወፍጮውን ድምፅና የበርበሬውን ብናኝ ይፈቅዱ እንደሆነ በዚሁ ሳምንት ሊጠይቋቸው ይችላሉ።