የግቢው ቴሌቪዥንና የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ልጄ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በማደሪያዋ ያለው የኬብል ቴሌቪዥን ድንገት ተቋርጦ የሚያስደነግጥ ድምፅ እንዳሰማና ጽሑፍ እንዳሳየ ነገረችኝ። መልእክቱን የላከው ዩኒቨርሲቲው ይሆን? ቴሌቪዥኑ ባይከፈትስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ያየችው፣ የኬብል ድርጅቶች በፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (በአሜሪካ መንግሥት የብሮድካስትና የቴሌኮም ተቆጣጣሪ) ደንብ የሚሳተፉበት አገር አቀፍ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት መልእክት ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ የአደጋውን ዓይነት፣ የሚመለከተውን አካባቢና መልእክቱ የሚጸናበትን ጊዜ የያዘ ኮድ ሲሆን፣ ተቀባይ መሣሪያዎች እንዳይስቱት 3 ጊዜ ይደጋገማል፤ የ853 እና የ960 ኸርዝ ድምፆች አንድ ላይ የሚሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ አውሎ ነፋስ ያለ የአየር ሁኔታ አደጋ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ፣ በ2008 የወጣው ሕግ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚያገኙ ተቋማት በግቢያቸው ከባድ አደጋ መኖሩን እንዳረጋገጡ ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ፣ ሥርዓቱንም በየዓመቱ እንዲፈትሹ አስገድዷል። ይህ ማስጠንቀቂያ በስልክ መልእክት፣ በኢሜይል፣ በድምፅ ማጉያ፣ በአንዳንድ ግቢዎችም በኬብሉ ጣቢያዎች ላይ ይተላለፋል።

በእኛ እምነት በቴሌቪዥኑ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው፤ ፊልም በኢንተርኔት የምታይ ተማሪ የኬብሉን ማስጠንቀቂያ ላታየው ትችላለች። ስለዚህ ልጅዎ፣ በተለይ የስልክ ቁጥር ቀይራ ከሆነ፣ በዩኒቨርሲቲው የማስጠንቀቂያ መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር ትክክለኛ መሆኑን ዛሬውኑ ታረጋግጥ።