ሽሮ ሥጋን ይተካል ወይ?

ጥያቄ፦ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ «ገንቢ ምግብ ማለት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ነው ተብለን ተማርን» ይለኛል። እኛ ቤት ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ምግባችን በአብዛኛው እንጀራ በሽሮ ነው። ታዲያ ሰውነታችን ፕሮቲኑን ከየት ያገኛል? እንጀራስ ስኳር ነው የሚሉት እውነት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ የተማረው ልክ ነው፤ ያልተሟላ ብቻ ነው። ሰውነት ከሥጋም ሆነ ከሽሮ የሚፈልገው አሚኖ አሲድ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ነው። ፕሮቲን እነዚህ አሚኖ አሲዶች እንደ ጨሌ በክር ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ስንበላው ጨጓራና ትንሹ አንጀት ሰንሰለቱን ይበጣጥሱታል፤ ጨሌዎቹም ወደ ደም ይገባሉ፤ ሰውነትም በራሱ ቅደም ተከተል መልሶ እየሰካ ጡንቻና ፀጉር ይሠራባቸዋል። የጨሌዎቹ ዓይነት 20 ነው። ከእነዚህ 9ኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለብን፤ አንዱ ካነሰ ሌሎቹ ቢተርፉም ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል።

የማዕድዎ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጤፍ ከስንዴ የተሻለ ቢሆንም እንደ ሌሎቹ የእህል ዓይነቶች ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያጥረዋል፤ ሜታዮኒን የተባለው ግን በተሻለ መጠን አለው። ሽሮ የሚዘጋጅባቸው ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን ያንሳቸዋል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ለዚህም በአንድ ጉርሻ መገናኘት እንኳ አያስፈልጋቸውም፣ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። በ100 ግራም የሽሮ ዱቄት ውስጥ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል፤ ነገር ግን ሦስት ማንኪያ ዱቄት በድስት ሙሉ ውኃ ቀጥኖ ለአምስት ሰው ሲከፋፈል ለአንድ ልጅ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው።

እንጀራ ስኳር ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። የእንጀራ ደረቁ ክፍል በአብዛኛው ስታርች ሲሆን፣ ስታርች ግሉኮስ የተባለው ስኳር ተቀጣጥሎ የሚሠራ ነው። ልጅዎ ቁራሽ ዳቦ ሳይውጥ ለጥቂት ጊዜ እንዲያኝክ ያድርጉት፤ ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር መቆራረጥ ይጀምራልና እየቆየ ይጣፍጠዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ሊወስን ይገባል፤ ለጤነኛ ልጅ ግን ይህ ግሉኮስ አስፈላጊ ነው። ኃይል ሰጪ ምግብ ሲያንስ ሰውነት አሚኖ አሲዶቹን ለግንባታ በማዋል ፈንታ እንደ ማገዶ ያነዳቸዋል፣ ናይትሮጅናቸውንም ዩሪያ አድርጎ በሽንት ያስወግደዋል፤ በዚህ መንገድ እንጀራው የሽሮውን ፕሮቲን ከመቃጠል ያድነዋል።

እንግዲህ በጾሙ ሽሮውን ወፈር አድርገው ይሥሩት፣ ምስር ወጥም ይጨምሩበት፤ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስም የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ይስጡት።