አንድ መርከብ፣ ሦስት ዓይነት ቶን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ ወዲህ የወጡ ጋዜጦችን አገላብጣለሁ። «ሊበርቲ» የሚባሉት የአሜሪካ ጭነት መርከቦች በአንዱ ዜና 7,176 ቶን፣ በሌላው 10,800 ቶን ገደማ፣ በሦስተኛው ከ14,000 ቶን በላይ ተብለዋል። በአንድ ንድፍ ከተሠሩ ትክክሉ የትኛው ነው? ወደ ኩንታል ለመመንዘርስ በ10 ማባዛት ይበቃል?
(አንባቢ፣ ከጎንደር አዘዞ)

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ዜና ጸሐፊዎቹ «ቶን» ብለው ስለሚያልፉት እንጂ የሚለካው ነገር የተለያየ ነው።

7,176 ጭራሹን ክብደት አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መርከብ የሚገመተው በሚይዘው ትልልቅ የወይን ጠጅ በርሜል ብዛት ነበር፤ የቶን ስምም የመጣው ከዚያው በርሜል ነው። ኋላ አንዱ «የምዝገባ ቶን» 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ሜትር ኩብ ሆኖ ተወሰነ። ስለዚህ ይህን ቁጥር በ10 አባዝተው 71,760 ኩንታል ቢሉ ከንቱ ድካም ነው። በ2.83 ያባዙት፤ ወደ 20,300 ሜትር ኩብ የሚሆን የመርከቧን የውስጥ ስፋት ያገኛሉ።

ከ14,000 በላይ የተባለው ሙሉ ጭነት የያዘች መርከብ የምትገፋው ውኃ ክብደት ነው፤ ልኩ 14,245 ነው። ጎርጎራ ላይ ጀልባ ሰው ሲሳፈርባት ዝቅ ስትል አይተው ይሆናል። የምትገፋው ውኃ ክብደት ከራሷና ከጫነችው ድምር ጋር እኩል ነው። ከዚህ ላይ የባዶዋን መርከብ ክብደት፣ ወደ 3,400 ቶን፣ ሲቀንሱ ያ 10,800 ገደማ የተባለው የመጫን አቅም ይመጣል። ይህም ቢሆን ሁሉም ሸቀጥ አይደለም፤ ነዳጁ፣ ውኃው፣ ስንቁና ሠራተኛው በውስጡ ነው።

ሁለቱን የክብደት ቁጥሮች ወደ ኩንታል ሲመነዝሩም ይጠንቀቁ። የእንግሊዝ ረጅም ቶን ስለሆኑ አንዱ 1,016 ኪሎ ነው። 14,245 ቶን ወደ 144,700 ኩንታል ይመጣል፤ በ10 ብቻ ቢያባዙ ከ2,000 ኩንታል በላይ ይጎድልብዎታል።

ዜናው የትኛውን ቶን እንደያዘ ለመለየት መጀመሪያ የመርከቧን ዓይነት ይዩ። የጦር መርከብ ከሆነች ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የምትገፋው ውኃ ነው። የመንገደኛ ከሆነች የምዝገባ ቶን ነው፤ የታይታኒክ 46,328 ቶን ይኸው ነው። ነዳጅ ጫኝ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ የመጫን አቅሟ ነው። አስቸጋሪዋ ተራ የጭነት መርከብ ናት። ለእሷ ሁለት ዜና ያስተያዩ፤ ትልቁ ቁጥር የትንሹን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ከሆነ፣ ትንሹ የምዝገባ፣ ትልቁ የመጫን አቅም ነው።

በጦርነቱ ዘመን «ይህን ያህል ሺህ ቶን መርከብ ሰጠመ» የሚለው ዜና ስለ ንግድ መርከቦች ሲሆን በምዝገባ ቶን ነው። ከጦር መርከቦች ቶን ጋር አይደምሩት፤ ስፋትን ከክብደት ጋር መደመር ይሆናል።

የወደብና የማጓጓዣ ዋጋ ዜና ላይ ደግሞ ሌላ ቶን ይገጥምዎታል፤ በአሮጌው ልማድ 40 ኪዩቢክ ጫማ፣ 1.13 ሜትር ኩብ ነው። ብረት በክብደቱ፣ ቦታ የሚፈጀው ጥጥ ግን በስፋቱ ይከፈልበታል። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ማስታወሻዎ ሲገለብጡ የቶኑን ዓይነት አብረው ይጻፉ፤ ካልታወቀም «ያልተለየ» ይበሉት።